የሳሎኑ ኮምፒውተር

ላፕቶፕ አትግዢ ያልኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልናገረው። ቡታጅራ ውስጥ ስለ ፈቲሀ ሰይዶ ብዙ ይወራል። የወንድሟን ብር ጌም ገዛችበት የሚሉ አሉ። ሴት ልጅን ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኛት የሚሉም አሉ፤ ለእነዚህ መልስ መስጠት ጊዜ ማባከን ነው። ሁሉም ግን ከዳር ቆሞ ነው የሚያወራው። እኔ መሃል ነበርኩ። ምክሩን የሰጠሁት እኔ፣ ዕቃው የት ይቀመጥ ሲባል ቦታውን ያሳየሁት እኔ፣ መናገር በነበረብኝ ሰዓት ያልተናገርኩትም እኔ።

ስሜ ሽባባው ነው፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ። እዚህ ኮሌጅ ውስጥ የቴክኒክ ስዕል ማስተማር ከጀመርኩ፣ ከአባቷ ከሐጂ ሰይዶ ግቢም ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ከተከራየሁ አስራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሐጂ ኪራይ የጨመሩብኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም እያፈሩ። ባለቤታቸው እትዬ መሕቡባ ለአረፋ ሥጋው እንደማይሆነኝ ስለሚያውቁ ጎመኑንና አይቡን ከቆጮ ጋር በትልቅ ሳህን ለብቻዬ ይልኩልኛል። ይህን የምለው ክፉ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ቀላል ነበር፤ ጠልቻቸው እገላገል ነበር።

ፈቲሀ ከታላቅ ወንድሟ ከሳኒ በታች፣ ከታናሿ ከሙስተፋ በላይ ያለች የቤቱ መካከለኛ ልጅ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ቀጠን ያለች፣ መነጽር የምታደርግ፣ ሰው ቤት ስትገባ ከሰላምታው ቀጥሎ ዓይኗ መስኮት ላይ የሚያርፍ። አንድ ቀን የኔን ክፍል በሩ ላይ ቆማ አየችና፣ ይህን ቤት የሠራው ሰው ከፀሐይ ጋር ተጣልቶ መሆን አለበት አለችኝ። ቤቱን የሠሩት አባቷ ናቸው። አምስት ዓመት አርክቴክቸር ተምራ፣ በጥሩ ውጤት ተመርቃ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ የሰው መታወቂያ ፊትና ጀርባውን ስታባዛ ኖረች። ለአምስት ዓመት ትምህርት የተገኘው ሥራ ይኸው ነበር።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ አዲስ አበባ ያለ አንድ የዲዛይን ቢሮ ሥራዋን በቴሌግራም አይቶ ጠራት። ሥራው ገና ያልተገነባን ቤት ተገንብቶ እንዳለቀ አድርጎ በኮምፒውተር ሥዕል ማሳየት ነው፤ ግድግዳው፣ ቀለሙ፣ ደጁ ላይ የሚያርፈው ጥላ ሳይቀር። እስከ ሰኔ መጨረሻ ስድስት ቤት ሠርታ ልታስረክብ ተስማሙ። ስድስቱንም በጊዜው ካስረከበች በቋሚነት ይቀጥሯታል፤ እዚሁ ቡታጅራ ቁጭ ብላ፣ ሥራውን በኢንተርኔት እየላከች፣ ደመወዟ በባንክ እየገባላት። ካልሆነ ሌላው መንገድ የታወቀ ነበር። ሳኒ መርካቶ የመጋረጃና የብርድ ልብስ ሱቅ አለው። እህቱን ወስዶ ሱቁ ውስጥ ሊያስቀምጣት ከተመረቀችበት ቀን ጀምሮ ይፈልጋል፤ የሚያምነው ሰው ያስፈልገዋል። እስከ ሰኔ ልሞክር ብላ ለመነችው፤ እሺ አላት። እሺ ብቻ አይደለም፣ ለኢድ ሲመጣ ለላፕቶፕ የሚበቃ ገንዘብ በእጇ ሰጣት። ይህንንም አልክድበትም።

ገንዘቡን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ቲቸር ነው የምትለኝ። ስልኳ ላይ የሦስት ላፕቶፖች ፎቶ ደርድራ የትኛውን ልግዛ አለችኝ። እኔ ደግሞ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ ወንበሬ ላይ የምመቻች ሰው ነኝ። በዚህ ብር የምታገኚው ላፕቶፕ አንዷን ሥዕል ለማውጣት ሲያቃስት ያድራል አልኳት። በዚያው ብር ዕቃውን ለየብቻው፣ ግማሹንም ያገለገለ ገዝተሽ ራስሽ ብትገጥሚው ግን ልጆች ትልልቅ ጌም የሚጫወቱበት ዓይነት ዴስክቶፕ ይወጣሻል፤ ጌሙም ያንቺም ሥራ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ጉልበት ነው። በወረቀት ጻፍኩላት፣ በቀስት አሳየኋት። ያልኩት ሁሉ ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየችው።

"ቲቸር፣ ላፕቶፕ ግን ይዤው እሄዳለሁ" አለችኝ።

"የት ልትሄጂ?" አልኳትና ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም። የዚያ ቤት ልጅ ናት፤ የምትለውን ታውቃለች። አስራ ሁለት ዓመት በአንድ ግቢ የኖርኩት እኔ ግን አልገባኝም። ጠረጴዛ ላይ የተተከለ ዕቃ በዚያ ቤት የማን እንደሚሆን፣ ቦርሳ ውስጥ ተከቶ አልጋ ሥር የሚገባ ዕቃ ደግሞ የማን ሆኖ እንደሚቀር ማሰብ ነበረብኝ። ቴሌቪዥኑን የገዛው ሳኒ ነው፤ ግን የሳኒ ቴሌቪዥን ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ፍሪጁን ያመጣችው ከዓረብ አገር የተመለሰች አክስት ናት፤ እሷም መጥታ ውሃ ስትጠጣ እንደ እንግዳ አስፈቅዳ ነው። ቤት የገባ የቤት ነው። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ ነው "የት ልትሄጂ" ብዬ የሳቅኩት። በማግስቱ ዴስክቶፑ ይሁን አለች።

ዕቃው የተሰበሰበው ከሦስት ቦታ ነው። ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩንና ሞኒተሩን አዲስ አበባ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ገዛች። ግራፊክስ ካርዱ፣ ማለትም ሥዕሉን የሚያወጣው ዋናው ክፍል፣ ከጉብሬ ነው የመጣው። ሳላሀዲን የሚባል ተመራቂ ተማሪ እየሸጠ ነው ተብሎ በቴሌግራም ወጣ። መኪና ቀያይራ ወልቂጤ ገባች፣ ከዚያ በባጃጅ ጉብሬ። ልጁ ካርዱን ዓይኗ እያየ ጓደኛው ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ካላሳያት ብሩን እንደማትሰጥ ነግራ ግማሽ ቀን አስቀመጠችው። ስትመለስ ካርዱን በሻርፗ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋው ነበር። መንገዱ ላይ መኪናው በዘለለ ቁጥር ልቤ አብሮ ዘለለ አለችኝ፤ እየሳቀች ነበር የነገረችኝ።

ሁሉም የሚገጠምበት ሳጥን፣ ኬዝ የሚሉት፣ የቡታጅራ ነው። አንድ ነጋዴ ለሱቁ አምጥቶት ሳይሸጥለት የከረመ፣ አንድ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ነበር። መስታወቱ ጥግ ላይ ስለተሰነጠቀ ከተራው ጥቁር ቆርቆሮ በታች በሆነ ዋጋ ለቀቀላት። ፈቲሀ መብራቱን አልወደደችውም፤ ገመዱን ልትነቅለው ነበር። ተይው፣ ያምራል አልኳት። ምክሬ ማለቂያ አልነበረውም።

መግጠሙ ሦስት ቀን ፈጀ። ከሥራ መልስ ክፍሏ ውስጥ ሰሌን ላይ ቁጭ ብላ፣ ስልኳን ጫማ ላይ አስደግፋ ቪዲዮ እያየች ነው የሠራችው። እኔ በሩ ላይ ወንበር አድርጌ አስተምራለሁ፤ እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ አንድም ኮምፒውተር ገጥሜ አላውቅም። ፕሮሰሰሩ እንዳይግል የሚደረገውን ቅባት በጥርስ መጎርጎሪያ ቀባችው። ብሎኖቹን በስኳር ሳህን ለየች። በሁለተኛው ቀን ሁሉም ተሰክቶ ሲበራ ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ ደመቀ፣ ሞኒተሩ ላይ ግን ምንም የለም። እኔ ካርዱ ተበላሽቷል፣ ያ የጉብሬ ልጅ አታሎሻል ብዬ ፎከርኩ። እሷ ዝም ብላ ሁሉንም ነቀለች፣ አንድ በአንድ መልሳ ሰካች፤ በሦስተኛው ቀን አንዷ ራም የምትባለው የማስታወሻ ካርድ እስከመጨረሻ ሳትገባ ቀርታ እንደነበር አገኘችው። አውራ ጣቷን ስትጫን "ቀጭ" የሚል ድምፅ ወጣና ሥዕል መጣ። ፊቷን እንደዚያን ቀን በርቶ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ወዲህም አላየሁትም።

አሁን የት ይቀመጥ ተባለ። የእሷ ክፍል ያለበት የጓሮው መስመር ምድጃ ሲለኮስ ኃይሉ ይወርዳል። ሳሎን ግን ለቴሌቪዥኑና ለፍሪጁ የተገዛ ስታቢላይዘር አለ። እዚህ ይሁን ብዬ ከቴሌቪዥኑ ጎን በጣቴ አሳየሁ። እትዬ መሕቡባ ደስ አላቸው፤ ጠረጴዛውን ራሳቸው ወለወሉ፣ ሞኒተሩ ላይ የዳንቴል ልብስ ጣል አደረጉበት፤ ኬዙ ላይም ሌላ ዳንቴል። ፈቲሀ ሥራ ስትጀምር ዳንቴሉን ታነሳለች፣ ስትጨርስ እናቷ ይመልሳሉ። አየር ይከለክለዋል እማ ብትላቸውም አልሰሙም። ሳሎን ውስጥ ዳንቴል የሌለው ነገር ራቁቱን የቆመ ይመስላቸዋል።

የመጀመሪያው ቤት ሲያልቅ ሐጂ ከመስጊድ ተመልሰው ሞኒተሩ ፊት ቆሙ። ባለ ሁለት ፎቅ፣ ደጁ ላይ ዛፍ ያለበት፣ ፀሐይ ያረፈበት ቤት ነው።

"ይሄ ቤት የት ነው ያለው?" አሉ።

"ገና አልተሠራም አባ።"

"ካልተሠራ ፎቶውን ማን አነሳው?"

ፈቲሀ ከየት ጀምራ እንደምታስረዳ ጠፋትና ሳቀች። ሐጂም ሳቁ፤ ማሻአላህ ብለው ጭንቅላቷን ነካ አድርገው ገቡ። እኔ ያን ጊዜ በራሴ ኮርቼ ነበር። ቢሮው ሥራውን ወደደው። በሁለት ወር አራት ቤት አስረከበች፤ የሚቀሯት ሁለት ነበሩ። ፎቶ ኮፒ ቤቱንም ለቀቀች። መብራት በጠፋ ቁጥር የሠራችው እየጠፋ ቢያስለቅሳትም በየአምስት ደቂቃው ማስቀመጥ ለመደች።

አሁን ሙስተፋን ላምጣው። ሙስተፋ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል አልፎ አልሄደም፣ ሥራም የለውም። ከሰዓቱን ጫት ቤት ነው የሚውለው። እናቱ በእሱ ምክንያት የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ኮምፒውተሩ ሳሎን ከገባ ወዲህ ግን ይህ ልጅ ቤት መዋል ጀመረ። ፈቲሀ አረፍ ስትል እሱ ይቀመጥበታል፤ የእግር ኳስ ጌም ጫነበት። ጓደኞቹም መጡ። እትዬ መሕቡባ ለጓደኞቹ ሻይ ያፈላሉ፣ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው፤ ልጄ ተመለሰልኝ ይሉኛል። ለፈቲሀ የሚደርሳት ሰዓት አጠረ። ማለዳ ከሶላት በኋላ ተነስታ መሥራት ጀመረች። አልተናገረችም፤ ነገር በሆዷ የምትይዝ ልጅ ናት። እናቷ ደስ እንዳላቸው እያየች ምን ትበል?

አረፋ መጣ። አረፋ እዚህ እንዴት እንደሆነ የማያውቅ ካለ፣ መርካቶ ያለ፣ ሐዋሳ ያለ፣ የትም ያለ ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ግድግዳው ይቀባል፣ ሳሎኑ ይሰናዳል፣ ቤቱ ያለውን ጥሩ ነገር ሁሉ አውጥቶ ለእንግዳ ያሳያል። የተጣላ የሚታረቀው፣ ጋብቻ የሚቆረጠው፣ የቤቱ ጉዳይ ሁሉ የሚያልቀው ያን ሰሞን ነው። ሳኒ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ገባ። ሳሎን ገብቶ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራውን መስታወት ሲያይ ቆመ። ላፕቶፑስ የት አለ አለ። ፈቲሀ አስረዳችው፤ በዚያው ብር ሦስት እጥፍ ጉልበት ያለው ነው አለችው። አልተቆጣም። ልጆቹ ወንበሩ ላይ ዘለው ወጡ፣ ሙስተፋ ጌሙን ከፈተላቸው፣ ማታ ላይ ሳኒ ራሱ ጫማውን አውልቆ ከወንድሙ ጋር ኳስ ተጫወተ። አራት ለዜሮ ተሸንፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አጎቶቹ ዙሪያውን ቆመው አዩ። ያን ምሽት ያ ኮምፒውተር ምን እንደሆነ በዚያ ሳሎን ተወሰነ፤ ቤት የሚሳልበት መሆኑን ከፈቲሀና ከእኔ በቀር ያሰበ አልነበረም።

በአረፋ ሦስተኛ ቀን ከምሳ በኋላ የቤቱ ሰው ተሰበሰበ። እኔንም ጠሩኝ፤ እንደ ዘመድ ነው የሚያዩኝ። ጉዳዩ ሙስተፋ ነበር። ልጁ ምን ይሁን ተባለ። አጎቶቹ ተናገሩ፣ ሐጂ ተናገሩ። ከዚያ ሳኒ መፍትሔ አለኝ አለ። በመንገዱ በኩል ያለችው ክፍል ባዶዋን ነው ያለችው። ጌም ቤት እንክፈትለት አለ። ኮምፒውተሩ አለ፤ እኔ ደግሞ ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት ፕሌይስቴሽን እጨምርለታለሁ። ከቤቱ ሳይርቅ፣ ከጫት ቤት ወጥቶ፣ የራሱን ሥራ ይሠራል። እትዬ መሕቡባ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ፈቲሀ ልክ ፈተና ላይ እንዳለች ተማሪ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር።

"አባ፣ እሱ እኮ ሥራዬ ነው" አለች። "እስከ ሰኔ መጨረሻ የማስረክበው ሁለት ቤት ይቀረኛል። እነሱን ከጨረስኩ ይቀጥሩኛል።"

ሳኒ በፍቅር ነው የመለሰላት። "ማን ከለከለሽ እህቴ? የትም አይሄድም፣ እዚሁ ግቢ ነው። አንቺ ደግሞ ሰኔ ካለፈ ከኔ ጋር ነሽ" አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "መምህር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ይሄ ዕቃ የጌም ነው አይደል?"

ሁሉም አዩኝ። ሐጂ አዩኝ፣ ዓይናቸው ያበጠ እናት አዩኝ። ፈቲሀም አየችኝ። የተማረ ሰው ነኝ፤ ለተጠየቅኩት ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ መስጠት ልማዴ ነው። ይህን ዕቃ ይህች ልጅ በእጇ ገጥማዋለች፣ ኑሮዋ እሱ ላይ ነው፣ ከወሰዳችሁባት ሰኔ ሳይደርስ አከተመላት ማለት ነበረብኝ። በሰው ቤት ገብቼ፣ ተከራይ ሆኜ፣ በሰው ልጆች መሃል ልግባ?

"የጌም ነው" አልኩ። "ግን..."

ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። በሉ እንግዲህ ዱዓ እናድርግ አሉ። እጅ ሁሉ ተዘረጋ። በዚያ ቤት ዱዓ ሲጀመር የሚናገር የለም፤ ዱዓ የተደረገበት ነገርም ዳግም አይነሳም። ይህንን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ከአስር በላይ አረፋ በዚያ ሳሎን አሳልፌያለሁ። ሐጂ ለሙስተፋ ሥራ በረካ ለመኑ፣ ለሳኒ ገበያ ሪዝቅ ለመኑ፣ ለፈቲሀ መልካም ትዳር ለመኑ፣ ለእኔም ጤና ለመኑ። በየመሃሉ ሁሉም አሚን ይላል። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ። ፈቲሀም አለች። የአባቷ ዱዓ ነው፤ እንዴት አትልም?

ከሰዓታት በኋላ ልብስ ማስጫው አጠገብ አገኘችኝ።

"ቲቸር፣ 'ግን' ብለው ነበር" አለችኝ። "ከዚያ በኋላ ምን ሊሉ ነበር?"

ጥቂት ጠበቀችኝና ባልዲዋን አንስታ ሄደች።

ጌም ቤቱ በሳምንቱ ተከፈተ። ኮምፒውተሩ ያለ ዳንቴሉ፣ ከእነ መብራቱ፣ ከመንገድ እንዲታይ በሩ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ቴሌቪዥኖቹ ሲመጡ እነሱ ከጀርባ ሆኑ። ተማሪው ፈተና እየጨረሰ ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሞላ። ሙስተፋ ሰው ሆነ፤ ፀጉሩን ተቆረጠ፣ ደንበኛ ያስተናግዳል፣ ለእናቱ ሻሽ ገዛ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። አንድም ቀን ጫት ቤት አልተመለሰም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ያንን ልጅ ባየሁት ቁጥር ግን ደሜ ይፈላል።

ለእህቱ በነፃ ነው አላት። በነፃ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ደንበኛ ሲመጣ ይነሳል። አንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጠዋት አራት ጊዜ አስነሷት። ጥላ የምታስተካክልበትን ቦታ ሳትጨርስ "ፈቲ አንዴ" ይላታል፤ ትነሳለች። በሰኔ አጋማሽ አንድ ቀን ከኮሌጅ ስመለስ ጌም ቤቱ ውስጥ አግዳሚው ላይ ከልጆቹ መሃል ተቀምጣ አየኋት። ወረፋ ይዛ ነው። እንዳያስነሷት እንደማንኛውም ደንበኛ ከፍላ መቀመጥ ጀምራለች፤ የፎቶ ኮፒ ቤት ጥሪቷን ነው የምትከፍለው። ሙስተፋ መጀመሪያ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ በኋላ ተቀበለ። በገዛ እጇ ብሎን በብሎን የገጠመችው ኮምፒውተር ላይ ለመቀመጥ ለታናሽ ወንድሟ በሰዓት ትከፍላለች። ቆሜ አየኋት፤ አላየችኝም። ወይም አይታኝ ዝም አለች። ገብቼ ያንን ጠረጴዛ መገልበጥ አማረኝ። ቤቴ ገብቼ የተማሪ ወረቀት አረምኩ።

አምስተኛውን ቤት እንዲህ አድርጋ ጨርሳ ላከች። ስድስተኛው ከሁሉም ትልቁ ነበር፤ ሙሉ የእንግዳ ማረፊያ፣ ክፍሉ ብዙ። ሰኔ ሃያ አራት ቀን ላይ ግማሹን አልፋ ነበር። በማግስቱ ጠዋት እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ሰላም ልላት ሰበብ ፈልጌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። የሦስት ሰዓት ከፍላ ተቀመጠች። ከፈተች፣ ፈለገች። ሌላ ቦታ ፈለገች። ከዚያ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

"ሙስጤ፣ እዚህ የነበረው ፋይል የት ሄደ?" አለችው፣ ድምጿን ሳትቀይር።

አዲሱ የኳስ ጌም ወጥቶ ነበር። ልጆቹ ካልጫንክ ወደ ሌላ ጌም ቤት እንሄዳለን አሉት፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ደግሞ ቦታ አልቋል፤ ቦታ ለማግኘት ትላንት ማታ ትልልቁን ፋይል አጠፋ። ያንቺን ልከሽ የጨረስሽ መስሎኝ ነው አላት፤ እውነቱን ነው። ስዕሉ ቀላል ቢሆንም የሚሠራበት ዋናው ፋይል ያንን ያህል እንደሚከብድ፣ ሌላ ቦታም ቅጂ እንደሌለው ከየት ይወቅ? ሲገባው ፊቱ ገረጣ። መልሰን ማምጣት አይቻልም ወይ እያለ ቀርቦ ማውሱን ሊይዝ ነበር። አዲሱን ጌም እዚያው ቦታ ላይ ጭኖበታል፤ የሚመለስ ነገር የለም።

አላለቀሰችም። አግዳሚው ላይ ያለ አንድ ጎረምሳ ትጫወቻለሽ ወይስ ልግባ አላት። ተነሳችለት። ቀሪው ሰዓት የነሱ ይሁን፣ ተከፍሏል አለች ለሙስተፋ። በአጠገቤ ስታልፍ ተይ ልጄ እንሞክር፣ ቢሮውን አስፈቅጂ አልኳት። አስፈቀደች፤ ያን ያህል ደካማ ሰው አይደለችም። አንድ ሳምንት ጨመሩላት። የሦስት ሳምንት ሥራ በአሥራ ሁለት ቀን፣ ያውም በወረፋ፣ የሚሆን አልነበረም። የተጨመረላት ሳምንት ሲያልቅ፣ ሐምሌ ላይ፣ ሥራሽን ወደነዋል፣ ቦታው ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቷል የሚል መልእክት መጣላት። በዚያው ሳምንት እሁድ ሳኒ መኪና ላከላት። ሐጂ ዱዓ አደረጉላት። አንድ ሻንጣ ይዛ ሄደች።

አሁን መርካቶ ናት። ሱቁ በእሷ እጅ ከገባ ወዲህ ገበያው ጨመረ ብሎ ሳኒ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ባል የሚሆናት ሰውም ታይቷል፤ ዓለምገና የብረታ ብረት መደብር ያለው ነው አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ሙስተፋ በሬን አንኳኳ። ኮምፒውተሩ አልነሳም ብሎት ደንበኛ ተኮልኩሎበታል። ሄድኩ፣ አየሁት፣ ነካካሁት። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ሙስተፋ እኔን አልጠበቀም፤ እህቱ ጋ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ኬዙ ላይ አስቀመጠው። ፈቲሀ ምን ድምፅ እንደሚያሰማ ጠየቀች። ከሶኬቱ ነቅለህ መስታወቱን ክፈት አለችው። ረጅሙን ካርድ በቀስታ አውጣው፣ ከታች ትንሽ መያዣ ጥፍር ታገኛለህ፣ እሷን ተጫን፣ እንዳትሰብራት። የሚሰካበትን አፉን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፤ መልሰህ ስትሰካው ድምፅ እስኪሰማህ ግፋው። ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል። እሱ ያለችውን አደረገ። ፋኑ ዞረ፣ ሥዕሉ መጣ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ።

"ሠራ?" አለች።

"ሠራ" አላት።

እዚህ ጋ ስልኩን ነጠቅኩት። ሳምንታት ሙሉ ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ፤ ይቅር በይኝ የሚል፣ ያን ቀን ማለት የነበረብኝን የሚል። ፈቲሀ፣ እንዴት ነሽ አልኳት። ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ።

"አልሐምዱሊላህ ቲቸር" አለችኝ። "ያንን ዕቃችሁን በየወሩ አቧራውን አራግፉለት፤ አለዚያ አይቆይም። ደንበኛ መጣብኝ።"

ዘጋችው። ዕቃችሁ አለችኝ፤ እኔንም ከወሰዱባት ጋር ቆጠረችኝ። ልክ ናት። ስልኩን ለሙስተፋ ሰጠሁትና በልጆቹ መሃል አልፌ ወጣሁ።